ክፍት ምንጭ ፍለጋ፦ ከአዳማ ጂንካ ደርሶ መልስ

ጂንካ ደርሼ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙርሲ፣ ስለ ሀመርና ስለ ማጎ ፓርክ ነው። አንዱንም አላየሁም። እኔ ያየሁት አንድ የማር መጋዘን፣ አንድ የስብሰባ ክፍል፣ አንድ ማተሚያ ቤትና ካኮ አጠገብ ያለች አንዲት ምንጭ ነው። ምንጯንም ያየሁት በመሥሪያ ቤት መኪና ሄጄ፣ የሶፍትዌር ፈቃድ ላስመረምር ነው። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ከመነሻው ልናገር።

አዳማ ውስጥ ከናሆም ጋር ሁለት ሆነን የምንሠራባት ትንሽ የሶፍትዌር ቤት አለችን። ናሆም ፕሮግራም ይጽፋል፤ እኔ ደንበኛ እፈልጋለሁ፣ ውል እፈራረማለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ። ጂንካ ላለ የማር አምራቾች ዩኒየን፣ ማሩ ከየትኛው መንደርና ከየትኛው አምራች እንደመጣ የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርተንለታል። ናሆም ሁሉን ነገር ከባዶ አልጀመረም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ሠርተው፣ ውስጡን ማንም እንዲያየው ክፍት አድርገው የለቀቋቸው መሣሪያዎች አሉ፤ የገነባው በእነሱ ላይ ነው። በሙያችን ክፍት ምንጭ እንላቸዋለን። ውሉ በአማርኛ ይሁን ስለተባለ ናሆም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሥርዓቱ የተገነባው በክፍት ምንጭ ላይ ነው፤ ገንቢው ምንጩን ለንግድ የመጠቀም ፈቃድ አለው።»

ከጥቂት ወራት በኋላ የዩኒየኑ የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጋሽ ዘለቀ፣ ደወሉልኝ።

«ወይዘሪት መቅደስ፣ የምንጩን ፈቃድ ከውሉ ጋር አላያያዛችሁም። እስኪቀርብ ድረስ ሥራው ታግዷል።»

«በኢሜይል ልላክልዎት?»

«የለም። ወረቀቱ ይምጣ፤ ኃላፊነት ያለው ሰውም አብሮ ይምጣ።»

ዓርብ የማር ገዢው መኪና ከአዲስ አበባ ጂንካ ይገባል። ገዢው በእያንዳንዱ በርሜል ላይ ከፕሮግራማችን የታተመች ወረቀት ካላየ አይጭንም። ማሩ ካልተጫነ ዩኒየኑ ገዢውን ያጣል፤ እኛም ዩኒየኑን። ካሉን ደንበኞች ትልቁ እሱ ነው፤ እሱ ከሄደ ቢሯችንን መዝጋታችን ነው። ስለዚህ ሰኞ ተነሳሁ።

ሰኞ

ሻንጣዬ ውስጥ ልብሴ ጥቂት ነው፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ነው። ናሆም የተጠቀመባቸው መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው፤ ሁሉንም አትሜ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩ። ሻሸመኔ ላይ መኪና ቀይሬ፣ ሶዶን አልፌ፣ ጀምበር ስትጠልቅ አርባ ምንጭ ገባሁ።

እራቴን የተጠበሰ አሳ በላሁ። አዳማም አሳ እንበላለን፤ የእኛ አሳ ግን ከቆቃ መንገድ መጥቶ ደክሞት ነው የሚደርሰው። የአርባ ምንጩ ከሳህኑ ተርፎ፣ ጭንቅላቱ በአንድ በኩል ጭራው በሌላ በኩል ወጥቷል። አስተናጋጁ ብቻዬን መሆኔን አይቶ፣ እሾህ እንዳይወጋኝ ራሱ እየፈለቀቀ ሰጠኝ። ስሙ አርባ ምንጭ በሆነ ከተማ አድሬ ስለ ምንጭ ፈቃድ የጠየቀኝ ሰው አለመኖሩ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያን ዕለት ግን ገና የማውቀው ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ

ከአርባ ምንጭ ጂንካ በዶልፊን ሚኒባስ ነው። ሻንጣዬን ረዳቱ ጣራ ላይ ጫነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ የአንዲት ነጋዴ የማንጎ ሳጥን ተጫነ። ኮንሶ ቆመን ሻይ በዳቦ በላን። ወይጦ ስንደርስ ሙቀቱ የአዳማን ግንቦት የሚያስንቅ ነው። እኛ ጋ ቢያንስ ንፋስ አለ፤ አቧራም ቢሆን ይዞ ይመጣል። ወይጦ ላይ አየሩ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ቁልቁለቱ ወደ ዳገት ተቀየረ፣ ቀይ አፈር ከተማ ደረስን፣ ብርድ መጣ፣ ጂንካ ስንገባ ዝናብ ተቀበለን። በአዳማ ሰው ዓይን ጂንካ የተትረፈረፈ አረንጓዴ ነው። ባጃጆቹ እንደ እኛው ናቸው፤ ጭቃው ግን ሌላ ነው። የያዘኝ ባጃጅ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ወደ መጣንበት ዞረ፤ ሾፌሩም ሳይደናገጥ በዚያው በኩል ሌላ መንገድ አገኘ።

ያረፍኩት ወይዘሮ ማርታ ፔንሲዮን ነው። ወይዘሮ ማርታ ከጨንቻ መጥታ ጂንካ የከተመች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ሻንጣዬን ስከፍት ማንጎው ከላይ ተጨፍልቆ፣ ጭማቂው ፌስታሉን አልፎ ፈቃዶቹን ሁሉ እርስ በርስ አጣብቋቸዋል። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ገባች።

«ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«ፈቃድ ነው። ነገ ጠዋት ማቅረብ አለብኝ።»

 በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አመጣች፤ እየነካከርን በጥንቃቄ አላቀቅናቸው። ከዚያ ኮሪደሩ ውስጥ የልብስ ገመድ ወጥራ፣ ገጹን ሁሉ እንደ ካልሲ በመቆንጠጫ ሰቀለችው። እንግዶቹ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ በእንግሊዝኛ የሕግ ወረቀት ሥር እያጎነበሱ አለፉ። ስትጨርስ ዓይኗን ጨፍና እስከ ጠዋት እንዲደርቁ ጸለየችላቸው። በሕይወቴ ለሶፍትዌር ፈቃድ ሲጸለይ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደርቀው አደሩ።

ረቡዕ

ጋሽ ዘለቀ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ወረቀቶቹን ተቀብለው አገላበጡ፤ አንዱን ገጽ አሸተቱት።

«ማንጎ ነው» አልኩ።

«ይገባኛል። ቦታው የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

«የምን ቦታ?»

«ቀበሌው። ምንጩ የሚገኝበት ቀበሌ።»

ወረቀቶቹን አየሁ፤ ከዚያ እሳቸውን። እሳቸውም አዩኝ።

«የማር ማጣሪያችን ያለው ካኮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ገዢዎቹ ማጣሪያው በምን ውሃ እንደሚታጠብ ይጠይቁናል። የእናንተ ውል ደግሞ ሥርዓቱ የተገነባው በክፍት ምንጭ ላይ ነው ይላል። ክፍት ምንጭ ያልታጠረ፣ ያልተከደነ፣ ሰውም ከብትም የሚገባበት ነው። በዚያ ላይ ለንግድ እንጠቀምበታለን ትላላችሁ። እኔ ቀድሞ የውሃ ኮሚቴ ነበርኩ። ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።»

ከዚያ በኋላ ያልኩት ብዙ ነው። ኮምፒውተር ከፍቼ አሳየሁ፣ ስለ ናሆም ተናገርኩ፣ በነፃ ስለሚለቀቁ መሣሪያዎች አስረዳሁ። ጋሽ ዘለቀ ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ኦፕን ሶርስ ማለታችሁ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ገብቶኛል።»

እፎይ ብዬ ልነሳ ስል እጃቸውን አነሱ።

«ይቀመጡ። እኔ ገብቶኛል፤ ቃለ ጉባኤው ግን ምንጭ ነው የሚለው። ኮሚቴው በሙሉ ፈርሞበታል። ያገድነው የምንጩ ሁኔታ በባለሙያ እስኪታይ ድረስ ነው። ለውሃው መሥሪያ ቤትም ጽፈናል። ባለሙያ ሳያየው እግዱን ማን ያነሳል?»

«የሌለ ምንጭ እንዴት ይታያል?»

«አለመኖሩም መታየት አለበት» አሉ።

የውሃ ባለሙያዋ ምሕረት ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቦት ጫማዋ ጭቃ የያዘ ኢንጅነር። ታሪኩን ስነግራት እስክትደክም ሳቀች። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስሚኝ እህቴ። ካኮ አጠገብ አንድ እውነተኛ ምንጭ አለ። ሴቶቹ ከከብት ጋር እየተጋፉ ነው የሚቀዱት። ሄጄ ለመለካት መኪና ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ነዳጅ የለም፣ ተራ አልደረሰሽም እባላለሁ። ያንቺ ምንጭ ግን የንግድ ነው፣ አስቸኳይ ነው ተብሎ መኪናውም ነዳጁም ወዲያው ተፈቀደ። ነገ ጠዋት እንሄዳለን። እባክሽ እስከዚያ ምንጭሽን አትሰርዢብኝ።»

ለናሆም ደውዬ ነገርኩት። 

«ታዲያ ትሄጃለሽ?» አለ።

«ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ሐሙስ

የቀይ አፈር የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ፍየል የሚነዱ፣ ቅል የተሸከሙ፣ ቅቤ የያዙ ሴቶች በአንድ መስመር ይሄዳሉ። አዳማ ላይ ገበያተኛ መኪና ሲያይ ይሸሻል፤ እዚህ መኪናው ነው ለገበያተኛ የሚቆመው። ምሕረት ቅጿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በየቁልቁለቱ እየዘለልን ጠየቀችኝ።

«የምንጩ ባለቤት?»

«ሁሉም ሰው።»

«ማኅበረሰቡ» ብላ ጻፈች። «በበጋና በክረምት የፍሰት ለውጥ አለው?»

«መብራት ሲጠፋ ይቆማል።»

«የሚቆራረጥ። ከብት ይደርስበታል?»

«እስካሁን አልደረሰም።»

«ሽታና ቀለም?»

«ከማንጎው በፊት አልነበረውም።»

ሾፌሩ በመስታወት አየን።

ካኮ ላይ የተቀበለን አይኬ የሚባል የበና ብሔረሰብ ሰው ነው፤ የዩኒየኑ አባል፣ ንብ አርቢ። በእግር ወደ ምንጩ ወሰደን። ምሕረት እንዳለችው ነው። ውሃው ከድንጋይ ሥር ይወጣል፤ ከብቶቹ መሃሉ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው በጎንና በጎን ጠርዝ ጠርዙን ይቀዳሉ። አንዲት ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ የበሬውን ሆድ በክርኗ እየገፋች ስትቀዳ ምሕረት ወደ ውሃው ገባች። ከዚያ በኋላ ስለ እኔ የረሳች መሰለኝ። ለካች፣ ጻፈች፣ በባልዲ ቀድታ ሰዓቷን አየች።

አይኬ አጠገቤ ቆሞ እንግዳ ዝም እንዳይል በሚሰባበር አማርኛው ወሬ ፈጠረልኝ።

«አንቺ ምንጭም አለው አሉ። ሩቅ ነው?»

«ሩቅ እንኳ አይደለም። ግን በእጅ አይነካም።»

«ጥልቅ ነው» አለ እያዘነልኝ። «ሰው አይገባም?»

«የፈለገ ሁሉ ይገባል።»

«አይሰምጥም?»

ይህን ጥያቄ በደንብ ሊመልስ የሚችለው ናሆም ነው። እኔ «አንዳንዱ» አልኩ።

ቤቱ ወሰደን። ሚስቱ ሸፈሮ በቅል ቀድታ ሰጠችን፤ የቡና ገለባ ተፈልቶ የሚጠጣ ነው፣ ጠዋት ከወይዘሮ ማርታ ሻይ በኋላ እንኳ ደስ ብሎ ይጠጣል። ቀጥሎ አይኬ ከእነ እንጀራው የተቆረጠ ማር አቀረበ። ነጭ፣ ወፍራም፣ አዳማ ማር ብለን ከምንገዛው ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ። ነከስኩት። ውስጡ የቀረች ንብ የታችኛውን ከንፈሬን ወጋችኝ።

አይኬ በጣም ተጨነቀ። «ንቧ አንቺ አላወቀም» እያለ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሚስቱ ቅጠል ቀጥቅጣ ለጠፈችልኝ። ጂንካ እስክንመለስ ከንፈሬ ከፊቴ ቀድሞ የሚሄድ ሆነ። ወይዘሮ ማርታ ስታየኝ ደግሞ ሽንኩርት ሰንጥቃ እብጠቱ ላይ አደረገችልኝ።

ዓርብ

የገዢው መኪና ጠዋት መጥቶ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ጥላ ሥር ብርቱካን እየላጠ ይጠብቃል። በርሜሎቹ ተደርድረዋል፤ ወረቀት የለባቸውም። እኔ ከንፈሬን በመሐረብ ሸፍኜ ኮሚቴው ፊት ተቀመጥኩ።

ምሕረት ሪፖርቷን አነበበች። ምንጭ «ሀ» በኮምፒውተር ውስጥ የሚገኝ፣ በማኅበረሰብ የተያዘ፣ ለጤና የማያሰጋ መሆኑ ታይቷል። ምንጭ «ለ» በካኮ አቅራቢያ የሚገኝ ሲሆን አጥር፣ ክዳንና ለብቻው የሆነ የከብት ገንዳ በአስቸኳይ ያስፈልገዋል። ኮሚቴው በሁለቱም ላይ ተወያየ። በ«ለ» ላይ ያለምንም ክርክር፣ ማጣሪያውም የሚጠቀምበት ውሃ ነው ብለው፣ ዩኒየኑ አጥሩን እንዲሠራ ተስማሙ። ምሕረት ወረቀቷን አጥፋ ስትቀመጥ ዓይኗ እንባ ያዘ። በ«ሀ» ላይ አንድ አባል «ይታጠር?» ብለው ጠየቁ። እንዳይታጠር ተወሰነ።

አባላቱ ሲያጨበጭቡ ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ሌላ ጉዳይ አለኝ። ወይዘሪት መቅደስ ያመጡትን ፈቃድ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከመሣሪያዎቹ የአንደኛው ፈቃድ፣ በእሱ ላይ የተገነባ ፕሮግራም ለሌላ ሰው ከተሰጠ የተጻፈበት ኮድም አብሮ ይሰጠው ይላል። የገዛው ሰው ማየትም፣ መለወጥም፣ ለሌላ መስጠትም ይችላል ይላል። እኛ ኮዱ አልተሰጠንም። ትክክል ነኝ?»

«ልጠይቅ» አልኩ። «ም» እና «ፍ» የሚባሉ ፊደላት በትክክል ከአፌ ስለማይወጡ አጭር መልስ ነበር የምመርጠው።

ውጭ ወጥቼ ለናሆም ደወልኩ።

«ኮዱ ይገባቸዋል» አለ። «ያልሰጠነው ጠይቆን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ። የመሣሪያው ባለቤት ኮዳቸውን መግለጥ ለማይፈልጉ ለብቻ የንግድ ፈቃድ ይሸጣል። በዶላር ነው። ቢሯችንን ከእነ ወንበሩ ብንሸጠው አንደርስበትም።»

«ከሰጠናቸውስ?»

«ለፈለጉት ያካፍሉታል። ነገ ሌላ ዩኒየን እኛ ጋ ሳይመጣ ከእነሱ ይወስዳል። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው መቅዲ።»

ድምፁ ተሰበረ። ናሆምን እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። የመኪናው ሾፌር ሰዓቱን አየና ወደ ጋቢናው ወጣ። እኔ ስለ ኮድ አላውቅም፤ ስለ ደንበኛ ግን አውቃለሁ።

«ናሆም፣ ከዚህ ዩኒየን በየሳምንቱ ይደወልልኛል» አልኩት። «ማተሚያው እምቢ አለ፣ ቁልፉ ጠፋብን፣ መዝገቡ ተዘበራረቀ እያሉ። ኮዱን የወሰደ ሌላ ዩኒየንም ስልክ የሚያነሳለት ሰው ይፈልጋል። የምንሸጠው ስልክ ማንሳቱን ይሁን።»



«አፍሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የምትናገሪው?» አለ።

«ንብ ነው።»

«ስጪያቸው» አለ።

ገብቼ እንሰጣለን ስል ያለቀ መስሎኝ ነበር። ናሆም ፋይሉን ወዲያው በኢሜይል ላከው፤ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ግን ኢሜይል ዕቃ አይደለም አለች። ወደ ዩኒየኑ የገባ ንብረት ሁሉ በሞዴል 19 መመዝገብ አለበት። ፍላሽ ላይ ላድርግልሽ አልኳት። «ፍላሹን ነው የምረከበው ወይስ ውስጡን?» አለችኝ። ጋሽ ዘለቀ ኮዱ ሰው የሚያነበው ሆኖ ይቅረብ ብለው ጨረሱት። ወረቀት ማለት ነው።

ማተሚያ ቤቱ ከዩኒየኑ ማዶ ነው። ማተሚያው መሥራት ሲጀምር መብራት ጠፋ፤ ባለቤቱ ጄኔሬተር አስነሳ። ወይዘሮ ማርታ አዲስ ሽንኩርት ይዛ መጣችና ስታየን መጎናጸፊያዋን ወገቧ ላይ አስራ ገጽ ማስተካከል ጀመረች። ምሕረትም ከቢሮዋ ወጥታ ተቀላቀለች። አታሚው አንድ ገጽ አንስቶ «ይህ በምን ቋንቋ የተጻፈ ነው?» አለ። ምሕረት «የምንጭ ቋንቋ ነው» አለችው። 

በጥራዝ ተደርጎ ወደ መጋዘን ሲገባ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። ሞዴሉ ላይ መለኪያ የሚል ቦታ አለ። ብዛት በጥራዝ ይባል ስል ኃላፊዋ በዚህ መጋዘን ሁሉም ነገር በኪሎ ነው የሚገባው አለች። ኮዱ የማር ሚዛን ላይ ወጣ። የናሆም የሁለት ዓመት ልፋት ከአንድ ባልዲ ማር ያንሳል። ፈረምኩ፣ ፈረመች፣ ጋሽ ዘለቀ እግዱን አነሱ፤ መብራትም ተመልሶ ነበርና ኮምፒውተሩ ተከፍቶ የበርሜሎቹ ወረቀቶች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። አይኬና ሌሎች የዩኒየኑ አባላት በርሜሎቹን እየተቀባበሉ ጫኑ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ገና ብርሃን ነበር። ጋሽ ዘለቀ ከጭቃው እስኪወጣ ድረስ ቆመው አዩትና እጄን ጨበጡኝ። «ሥራ ላይ ችግር አልፈጠርኩባችሁም ብዬ አምናለሁ» አሉኝ። ከልባቸው ነበር።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ማርታ የእራቱን ሒሳብ አልቀበልም አለች። አቮካዶ በካርቶን አስራ ሰጠችኝ፤ እንዳይጨፈለቅ እላዩ ላይ እኔ ራሴ እንድቀመጥበት መከረችኝ። አልተቀመጥኩበትም፤ ጭኔ ላይ ይዤው፣ አርባ ምንጭ አድሬ እሑድ አዳማ ገባሁ። ቤት ስደርስ ንፋሱ አቧራውን አምጥቶ ፊቴ ላይ ደፋው፤ ደስ አለኝ።

ከሳምንታት በኋላ በአውቶቡስ የመጣ እሽግ ከመናኸሪያ ተረከብን። ጥራዞቹ ናቸው። ናሆም «መለሱልን» ብሎ ሲከፍተው፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። ጋሽ ዘለቀ ስለ ኮድ የሚያውቁት የለም፤ የሚያውቁትን ነው ያረሙት። ናሆም አሳስቶ የጻፋቸው የመንደር ስሞች ሁሉ ተስተካክለዋል፤ «ኮልጮ» ያለው «ኮልቾ» ሆኗል። ናሆም ለራሱ ማስታወሻ ብሎ በኮዱ መሃል በእንግሊዝኛ የጣላቸው ዓረፍተ ነገሮችም ሰዋስዋቸው ተቃንቷል። አንድ ቦታ ላይ «ይህ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም» ብሎ ጽፎ ኖሯል፤ ከጎኑ በቀይ «ይጣራ» ተብሏል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ በተማሪ ቤት የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ይህን እርማት ማንኛውም ሰው እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለው፣ ለንግድም ጭምር እንዲያውለው ፈቅጃለሁ።» ከሥሩ ፊርማቸውና የዩኒየኑ ማህተም አለ።

ናሆም እርማቶቹን አንድ በአንድ አስገባ፤ የጋሽ ዘለቀንም ስም ከፕሮግራሙ ሠሪዎች ተርታ ጻፈ። «ይጣራ» የተባለውን ቦታ ግን እስካሁን እያጣራ ነው።